አራቱ ቀለማት በአንድ ቦታ እንዲያርፉ
(የኅትመት ክፍል አባላት ለማኅበሩ ጠቅላላ ስብሰባ ያቀረቡት ንግግር)



በኅትመት ክፍል የምንሠራ አባላት ስለ ቀለም መገጣጠም፣ እኛ በሥራ ቋንቋችን ሬጅስተር ስለምንለው ነገር፣ እንድንነግራችሁ ተጠይቀናል። ጉዳዩ የማሽን ብቻ ቢሆን ኖሮ ጊዜያችሁን ባልወሰድን ነበር። ነገር ግን ለአዲስ ዓመት የካላንደር ትእዛዝ የምንቀበልበት ወቅት ደርሷል። በዚያ ሥራ የምናተርፈውም የምንከስረውም በዚህ ነገር ስለሆነ፣ መርፌ ይዛችሁ የምትሠሩትም ሆነ ሒሳብ የምትይዙት ብታውቁት ይጠቅመናል።

ማሽናችን ባለ አንድ ቀለም ትንሽ ኦፍሴት ነው። ባለ ቀለም ፎቶግራፍ ደግሞ በአራት ቀለም ይታተማል፤ በሲያን፣ በማጀንታ፣ በቢጫና በጥቁር። ስለዚህ አንድ ወረቀት አራት ጊዜ በማሽኑ ውስጥ ያልፋል። ስድስት ሉህ ያለው ካላንደር በ1,000 ቅጂ ብናትም ወረቀት 24,000 ጊዜ ይገባል ማለት ነው። በእያንዳንዱ ጊዜ አዲሱ ቀለም በፊተኛው ላይ ልክ ማረፍ አለበት።

ልክ ስንል ምን ያህል ነው? ፎቶግራፍ የሚታተመው በጥቃቅን ነጥቦች ነው። በ1 ኢንች 150 ረድፍ ነጥብ ካለ፣ በሁለት ረድፍ መካከል ያለው ርቀት 0.17 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ቀለሙ የዚያን ግማሽ ያህል ከሸሸ ምስሉ መደብዘዝ ይጀምራል። ከዚያ ሲብስ በሰው ፊት ዙሪያ ቀይ ወይም ሰማያዊ ጥላ ይወጣል። በፊደላችን ላይ ደግሞ ጉዳቱ ይከፋል። ሉ እና ሊ የሚለዩት በአንዲት ትንሽ ቅጥያ ነው። በአራት ቀለም መደብ ላይ ነጭ ሆኖ የተተወ ደቃቅ ጽሑፍ ቀለም ሲሸሽበት ቅጥያው ይዋጣል፤ አንባቢም ይሳሳታል። ስለዚህ ደቃቅ ጽሑፍ ሁልጊዜ በጥቁር ብቻ ይታተም እንላለን። ደንበኛ በነጭ ይሁንልኝ ሲል ትእዛዝ የምትቀበሉ እህቶች ይህን ብታስረዱልን ብዙ ጭቅጭቅ ይቀራል።

ቀለም ሲሸሽ መጀመሪያ የምናደርገው ማሽኑን መነካካት አይደለም። ተከታታይ አሥር ወረቀት አንሥተን፣ በጠርዙ ላይ ያሉትን የመስቀል ምልክቶች በአጉሊ መነጽር እንመለከታለን። ቢጫው በነጭ ወረቀት ላይ ለዓይን ስለሚያስቸግር በሰማያዊ ማጣሪያ ስናየው ጠቆር ብሎ ይታያል። በአሥሩም ላይ ስሕተቱ አንድ ዓይነት ከሆነ ፕሌቱ በቦታው አልተቀመጠም፤ እሱን ማስተካከል ይበቃል። አንዱ ላይ ወደ ግራ፣ ሌላው ላይ ወደ ቀኝ ከሆነ ግን ፕሌቱን ብንገፋው ዋጋ የለውም። ችግሩ ወረቀቱን ከሚያቀብለው፣ ከፊትና ከጎን ማቆሚያው ወይም ከሚነክሰው ግሪፐር ነው። በፊተኛው ጠርዝ ገጥሞ በኋለኛው ሁለት ማዕዘን ላይ ከተበተነ ደግሞ ወረቀቱ ራሱ ተለጥጧል።

ወረቀት ይለጠጣል ስንል የሚገርማችሁ ትኖሩ ይሆናል። ወረቀት ቃጫ ነው። ቃጫ እርጥበት ሲጠጣ ከርዝመቱ ይልቅ ወደ ጎኑ ያብጣል። ኦፍሴት ደግሞ በቀለምና በውኃ የሚሠራ ስለሆነ ወረቀቱ ባለፈ ቁጥር ትንሽ ይርሳል። በዚህ ላይ የካላንደር ሥራ የሚበዛው በሐምሌና በነሐሴ፣ ክረምቱ በጠናበት ጊዜ ነው። ከመጋዘን በዝናብ መጥቶ ወዲያው ማሽን ላይ የወጣ ወረቀት በመጀመሪያው ቀለም አንድ ልክ፣ በአራተኛው ሌላ ልክ ይሆናል።

ለዚህ መድኃኒቱ ቀላል ነው። ወረቀቱ በማተሚያው ክፍል ውስጥ ቢያንስ አንድ ሁለት ቀን ሰንብቶ አየሩን ይልመድ። በአንዱና በሌላው ቀለም መካከል ክምሩ በላስቲክ ይሸፈን። ውኃው የፕሌቱን ባዶ ቦታ ንጹሕ ለማድረግ ከሚበቃው አይብለጥ። ሲቆረጥም ቃጫው ከሲሊንደሩ ርዝመት ጋር ጎን ለጎን እንዲተኛ ይሁን። የቃጫውን አቅጣጫ ለማወቅ ወረቀቱን በሁለቱም በኩል መቅደድ ነው፤ ቀጥ ብሎ የተቀደደበት የቃጫው መንገድ ነው። እንዲህ ከሆነ ወረቀቱ ቢለጠጥ እንኳ የሚለጠጠው ከፊት ወደ ኋላ ስለሆነ እናካክሰዋለን። ከፕሌቱ ሥር 0.05 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ስስ ወረቀት አውጥተን ከብላንኬቱ ሥር ብንጨምር ኅትመቱ በዙሪያው እስከ 0.3 ሚሊ ሜትር ይረዝማል። ወደ ጎን ለተለጠጠ ወረቀት ግን እንዲህ ያለ መላ የለንም።

ቆራጮቻችንም የዚህ ሥራ ግማሽ በእጃችሁ ነው። ማሽኑ ወረቀቱን የሚያውቀው በሁለት ጠርዝ ነው፤ በፊተኛውና በአንዱ ጎን። ማዕዘኑ ቀጥ ያለ ካልሆነ እያንዳንዱ ወረቀት በየራሱ ይቆማል። ቆርጣችሁ ስትጨርሱ በሁለቱ ጠርዞች ላይ በእርሳስ መስመር አስምሩልን። ክምሩን ያነሣች ሁሉ የትኛው ወገን ፊት እንደሆነ ታውቃለች፤ አራቱም ቀለም በእነዚያው ጠርዞች ላይ ይቆማል።

እንግዲህ ከጉባኤው የምንጠይቀው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ የካላንደር ትእዛዝ በሰኔ መጨረሻ ይዘጋ። ሁለተኛ፣ ለአንድ ሥራ የሚበቃው ወረቀት በአንድ ጊዜ፣ ከአንድ ዓይነት ተገዝቶ ቀድሞ ይግባ። ሦስተኛ፣ አንዱ ቀለም ሳይደርቅ ሌላውን እንድናትም አትጣደፉብን። በነሐሴ መጨረሻ የመጣን ትእዛዝ እምቢ ማለት ገንዘብ እንደ መጣል እንደሚመስል እናውቃለን። ሆኖም በሦስተኛው ቀለም ላይ የተበላሸ ወረቀት የሦስት ቀለም፣ የሦስት ቀን ጉልበትና የራሱን ዋጋ ይዞ ይጣላል፤ ያ ዋጋ የሚወጣው ሁላችን በዓመቱ መጨረሻ ከምንካፈለው ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ የፈሰሰ ወረቀት ግን የሚለቀምም አይደለም።

ውሳኔው የእናንተ ነው።