ቀለሙ ከወለሉ አይቀድምም
(በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ለአባላት የተደረገ ንግግር)



ኮሚቴው እንድንናገርበት የሰጠን ርእስ የመኪና ማደሪያ ጋራዣችን ወለል ነው። «ለዕድር ስለ ወለል ምን ያስወራል?» የሚል አይጠፋም። ነገር ግን ያ ቤት የአጋርፋ ትራክተርና የጭነት መኪና በኪራይ የሚያድርበት፣ ኪራዩም ለሟች ቤተሰብ የምንሰጠውን ገንዘብ የሚደግፍ፣ በጓዳውም ድንኳናችን፣ አግዳሚ ወንበራችንና ድስታችን የሚቀመጥበት ነው። ስለዚህ የወለሉ ነገር የእያንዳንዳችን ነገር ነው።

ጥፋታችንን በማመን እንጀምር። ወለሉን ያስፈሰስነው በ2015 ዓ.ም. ግንቦት፣ የበልጉ ዝናብ ገና ሳያባራ ነበር። ከሥሩ ላስቲክ አላነጠፍንም። ለሠራተኛው እንዲቀለው ሲሚንቶው ውሃ በዝቶበት ተቦካ፤ ከላይም ደረቅ ሲሚንቶ ተነስንሶበት እንደ መስተዋት የለሰለሰ ሊሾ ተደረገ። በሁለተኛው ሳምንት ቀይ የዘይት ቀለም ቀባነው። ዕድሜያቸውን በግንበኝነት ያሳለፉ አንድ አባት ከመካከላችን ተነሥተው፣ «ልጆቼ፣ ይህ ወለል ገና እየተነፈሰ ነው፤ አታፍኑት፤ በጋ ይምጣለት» ብለውን ነበር። እኛ ግን ለስብሰባው ቀን እንዲያምር ቸኩለን በድምፅ ብልጫ አለፍናቸው።

ቀለሙ አንድ ወር ያህል አማረ። ከዚያ በኋላ ከሻሸመኔ በዶዶላ በኩል አስፋልቱን ሲበላ የመጣ አይሱዙ፣ ጎማው እንደጋለ ገብቶ አደረና ጠዋት ሲወጣ ቀለሙን እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ገሽልጦት ሄደ። በክረምቱ ደግሞ ከመሬት የመጣው እርጥበት የቀረውን አሳበጠው፤ ወለሉ ላይ ተጣጥፎ የተቀመጠው ድንኳንም ሻገተ። እኒያ አባት በ2016 ዓ.ም. ነሐሴ ሲያርፉ በደጃቸው የተከልነው ይኸንኑ የሻገተ ድንኳን ነው። ቤተሰቡ አንድም ቃል አልተናገረንም። እኛ ግን ከሥሩ ተቀምጠን ሽታው ሲሸተን ቀና ብለን መተያየት አቃተን።

ታዲያ ስሕተቱ ምን ነበር? ኮንክሪት ሲያዩት ድንጋይ ይምሰል እንጂ ውስጡ በዓይን በማይታዩ ቀዳዳዎች የተሞላ ነው። ውሃ ሲበዛበት ቀዳዳውም ይበዛል፤ የተረፈውም ውሃ ልሙን ሲሚንቶ ይዞ ወደ ላይ ይወጣና ደካማ ቆዳ ይሠራል። ወለል አቧራ የሚተፋው አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ የተነሣ ነው። ቀለም ቢቀባ የሚጨብጠው ይህንኑ ቆዳ ነውና ቆዳው ሲለቅ ቀለሙም አብሮ ይለቃል። በዚያ ላይ የአዲስ ሲሚንቶ ኖራ ኃይለኛ ነው። የዘይት ቀለም ከኖራና ከእርጥበት ጋር ሲገናኝ ዘይቱ ወደ ሳሙናነት ይለወጣል፤ ስብ ከኮስቲክ ሶዳ ጋር ተቀቅሎ ሳሙና እንደሚሆነው ማለት ነው።

አሁን ወደ ምርጫው እንለፍ። ለወለል የሚሆነውን ልብስ በአራት ከፍለን ብናየው ይቀለናል።

አንደኛው የዘይት ቀለም ነው። ዋጋው ይረክሳል፤ ለመኪና ማደሪያ ግን እንደማይሆን በራሳችን ገንዘብ ተምረናል።

ሁለተኛው ሲሊኬት የሚባለው ፈሳሽ ማጠንከሪያ ነው። ይህ ላዩ ላይ አይጋገርም፤ ወደ ውስጥ ሰርጎ ከኖራው ጋር ይዋሐድና ቀዳዳውን ያጠብባል። ስለዚህ አይላጥም፤ አቧራውንም ያስቀራል። ነገር ግን የፈሰሰ ዘይት ቶሎ ካልተጠረገ እድፉ ይቀራል።

ሦስተኛው ኢፖክሲ ነው። በሁለት ቆርቆሮ የሚመጣ፣ ሲደባለቅ የሚጠነክር ልብስ ነው። የሞተር ዘይትና ናፍጣ ይችላል። ይሁን እንጂ እርጥበት ከታች ከገፋው እርሱም ያብጣል፤ ፀሐይ ሲመታውም ይወይባል።

አራተኛው ፖሊዩሬቴን ሲሆን ብዙ ጊዜ በኢፖክሲው ላይ እንደ መደረቢያ የሚቀባ ነው፤ ፍትጊያንና ፀሐይን ይበልጥ ይችላል።

የትኛውን እንደምንገዛ የሚነግረን ግን ባለ ሱቁ ሳይሆን ወለሉ ራሱ ነው። ወለሉን የምንጠይቀው እንዲህ ነው፦ በአራቱም ጎን 45 ሳንቲ ሜትር የሆነ ላስቲክ ወለሉ ላይ ዘርግቶ ጠርዙን በፕላስተር ዙሪያውን ማሸግና ቢያንስ 16 ሰዓት መተው። ሲገለጥ ላስቲኩ ውስጥ ጠል ከታየ፣ ወይም ወለሉ ከጠቆረ፣ ውሃው ከታች እየመጣ ነው፤ ኢፖክሲ አይቀባም። ሁለተኛው ጥያቄ ጥቂት ውሃ ጠብ ማድረግ ነው። ውሃው ከሰረገ ደኅና ነው፤ እንደ ዶቃ ተንከባሎ ከቆመ ዘይት አለበት፣ ወይም ሊሾው ቀዳዳውን ዘግቶታል። ሁለቱም ፈተናዎች ዋጋቸው ከንቱ ነው፤ እኛ ግን አላደረግናቸውም።

ከፈተናው በኋላ ዝግጅቱ ይከተላል። ዘይቱን በሰጋቱራ አስመጥጦ በሳሙናና በብረት ቡርሽ ማሸት፣ የላላውን ቀለም መፋቅ፣ ከዚያም ደካማውን ቆዳ በመሞረጃ መኪና ማንሣት ነው። በአሲድ የሚያጥቡም አሉ። ይህን የሚያደርግ ሰው ሁልጊዜ አሲዱን ወደ ውሃው እንጂ ውሃውን ወደ አሲዱ እንዳያፈስ አደራ እንላለን፤ ይፈላና ዓይን ያጠፋል።

አዲስ ኮንክሪት ከሆነ በመጀመሪያው ሳምንት ውሃ እየጠጣ፣ በጠቅላላው ቢያንስ 28 ቀን መቆየት አለበት። የኛን አገር ብርድም አንርሳ። ኢፖክሲ በአብዛኛው ወለሉ ከ10 ዲግሪ በታች ሲቀዘቅዝ በደንብ አይጠነክርም፤ የባሌ ደጋ የበጋ ሌሊት ደግሞ ውርጭ ነው። ስለዚህ ጊዜው በልግ ከመግባቱ በፊት፣ ሰዓቱም ወለሉ ሞቆ ጠሉ ፈጽሞ ከደረቀ በኋላ ነው። ድብልቁ እንደ ቆርቆሮው ጽሑፍ በልክ ይሁን፤ «ትንሽ ልጨምርበት» አይሠራም። ከተደባለቀ በኋላ ባልዲው ውስጥ ግሎ ቶሎ ይደርቃልና በአንድ ጊዜ የሚያልቀውን ያህል ብቻ መበጥበጥ ነው። ጓንት ይደረግ፣ በርና መስኮት ይከፈት፤ ማጠንከሪያው ቆዳ ያስቆጣል። ሁለተኛው ቅብ ገና እርጥብ ሳለ ደረቅ ንጹሕ አሸዋ ሳሳ አድርጎ መነስነስ ሰው እንዳይንሸራተት ይረዳል።

ሒሳቡም ይታወቅ። የጋራዣችን ወለል 6 በ10፣ ማለት 60 ካሬ ሜትር ነው። ውፍረቱ 0.2 ሚሊ ሜትር ለሆነ አንድ ቅብ 12 ሊትር፣ ለሁለት ቅብ 24 ሊትር ይፈልጋል። ከዚህ በጣም ባነሰ «ይበቃል» የሚል ሰው ቢመጣ እያሳሳው መሆኑን እንወቅ።

በመጨረሻ ለጉባኤው የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። በዚህ በጋ አሮጌው ቀለም ይፋቅ፣ ወለሉም ይሞረድ። የላስቲኩ ፈተና በሦስት ቦታ ይደረግ፤ ደረቅ ከሆነ ኢፖክሲ፣ እርጥብ ከሆነ ሲሊኬት ብቻ ይቀባ፤ በቤቱ ዙሪያም የውሃ መውረጃ ቦይ ይቆፈር። ወለሉ ምንም ቢሆን ድንኳኑ ከእንግዲህ መሬት አይንካ፤ የእንጨት ርብራብ ይሠራለት። ወጪውም ከኪራዩ እንጂ ከለቅሶው ሣጥን አይውጣ።

እኒያ አባት «በጋ ይምጣለት» ብለውን ነበር። አሁን በጋው መጥቷል። ሁለተኛ እንዳንቸኩል፣ የሚያውቅ ሰው ሲናገርም እንድናዳምጥ አደራ እንላለን።