ስለ አራስ እናትና ስለ አዲስ አባት ጥርስ፤ በዕድራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር



ዕድራችን የተቋቋመው ለቀብር መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ስለዚህ ዛሬ ስለ አራስ ቤት፣ ያውም ስለ አራስ ጥርስ እንናገር ብለን ስንነሣ አንዳንዶቻችሁ «ይኸ ደግሞ ከዕድር ጋር ምን አገናኘው?» ማለታችሁ አይቀርም። ያገናኘውን ነገር ከራሳችን ቤት እንጀምረው።

በ2010 ዓ.ም. ልጃችን የበኩር ልጇን ልትወልድ እንደ ወጉ ወደ እኛ ቤት መጣች። በሰላም ተገላገለች፤ ወንድ ልጅ ነበር። ጎረቤቱ ሁሉ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እያለ ገባ ወጣ፤ ገንፎውም አጥሚቱም አልተቋረጠ። ልጅቱ ግን ከእርግዝናዋ በፊት የተቦረቦረ የታች መንጋጋ ጥርስ ነበራት። በሦስተኛው ሳምንት ይኸው ጥርስ ይጠዘጥዛት ጀመር። ቅርንፉድ አስነከስናት፤ አረቄ በጥጥ ነክረን አስያዝናት። ሐኪም ቤት ልሂድ ስትል «አራስ ሆነሽ ንፋስ ይመታሽና! እስከ ክርስትናው ታገሺ» ያልናት እኛው ነን። ክርስትናው በአርባ ቀን ነው፤ ገና ከሁለት ሳምንት በላይ ይቀር ነበር።

ሕመሙ ሁለት ቀን ተወት ቢያደርጋት «ይኸው ዳነች» ብለን ተደሰትን። በሦስተኛው ሌሊት ከአገጯ ሥር አብጦ፣ አፏን መክፈትም ምራቋን መዋጥም አቅቷት፣ ሰውነቷ እንደ እሳት ሲነድ በታክሲ ሆስፒታል አደረስናት። መግሉን ቀደው አወጡ፤ ጥርሱ ተነቀለ፤ ስድስት ቀን ተኛች። ሕፃኑን እኛ እያመላለስን አጠባች። ሐኪሙ እብጠቱ ወደ አንገቷ ወርዶ መተንፈሻዋን ሊዘጋ ምን ያህል እንደቀረው በሁለት ጣቱ ለክቶ አሳየን። አንድ ሌሊት ጨምረን ቢሆን ኖሮ የዕድራችን ጡሩምባ የሚነፋው ለእኛ ቤት ነበር። ግንኙነቱ ይኸ ነው።

በእኛ ዘመን «ልጅ ሲወለድ ከእናቱ ጥርስ ይወስዳል» ሲባል እንሰማ ነበር። የልጆቻችን እናት አራት ወልዳ አምስት ጥርስ አጥታለችና ነገሩ ልክ መስሎን ኖረናል። ሐኪሞቹ ያስረዱን ግን ሌላ ነው። በማኅፀን ያለው ልጅ ለአጥንቱ የሚሻውን ካልሲየም የሚያገኘው እናቲቱ ከምትበላው፣ ካነሰም ከአጥንቷ ነው እንጂ ከጥርሷ ነቅሎ የሚወስደው ነገር የለም። ጥርስን የሚያበላሸው በአፍ ውስጥ ያለ ተሕዋስ ሲሆን፣ እሱም ጣፋጭ ባገኘ ቁጥር አሲድ እየሠራ ጥርሱን ይሸረሽራል። ምራቅ ደግሞ በመሐል በመሐል አሲዱን እያጠበ ጥርሱን ይጠግናል። ታዲያ ለመጠገኛው ጊዜ ካልተሰጠው ምን ያድርግ? በተለይ ሌሊት በእንቅልፍ ሰዓት ምራቅ ስለሚቀንስ የሌሊቱ ጣፋጭ ከቀኑ ይከፋል።

እንግዲህ የአራስ ቤትን ሥርዓት በዚህ ዓይን እንየው። አጥሚት በማር፣ አብሽ በማር፣ ሻይ በስኳር፤ ዛሬ ዛሬ ደግሞ «ወተት ያመጣል» እየተባለ በየቀኑ ማልት። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ሕፃኑ አልቅሶ ሲነሣ አራሷ አጥብታ አጥሚቷን ፉት ትልና አፏ ውስጥ ጣዕሙ እንዳለ እንቅልፍ ይጥላታል። ይኸው ልጃችን በ2014 ዓ.ም. ሁለተኛዋን ስትወልድ የጸሐፊነት ልማድ አልለቀን ብሎ ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ማግስቱ 12 ሰዓት ጣፋጭ ስንት ጊዜ አፏ እንደገባ በወረቀት መዘገብን። 11 ጊዜ ሆነ! ጥርሷ ያረፈበት ሰዓት አልነበረም ማለት ይቻላል።

አጥሚቱ ይቅር አላልንም፤ ሴቶቹም አይሰሙንም። አራስ መጠንከር አለባት። ማሩ ግን ቀነስ ይበል፤ ከምግብ ጋር አብሮ ይጠጣ እንጂ በየሰዓቱ ፉት ፉት አይባል፤ ከተጠጣ በኋላ አፍን በንጹሕ ውኃ መጉመጥመጥ፣ ማታ ከሁሉም በመጨረሻ ፍሎራይድ ባለበት የጥርስ ሳሙና ሁለት ደቂቃ መቦረሽ፣ ጠዋትም እንደዚሁ። አረፋውን መትፋት ነው እንጂ በብዙ ውኃ አጥቦ መድኃኒቱን ማስወጣት አያስፈልግም። የወይራ መፋቂያ የለመደ ይፋቅ፤ እኛም አልተውነውም። ነገር ግን የጥርሱን የውስጥ ጎን እንደ ብሩሽ አይደርስለትም፣ ፍሎራይድም የለውም።

ነፍሰ ጡር ሳለች ድዷ ሲደማ ብዙዎቹ ደሙን ፈርተው መቦረሹን ይተዋሉ። ደሙ የሚመጣው በእርግዝና ጊዜ በሚለዋወጠው ሆርሞን ድዱ በቀላሉ ስለሚቆጣ ነውና ቆሻሻው ሲከማችበት ይብሳል፤ በለስላሳ ብሩሽ መቀጠል ነው። ያስመለሳት እንደሆነ ግን ወዲያው አትቦርሽ፤ ተጉመጥምጣ አንድ ሰዓት ያህል ትቆይ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። አራሷ ገንፎ ሲቀርብላት ማስታጠቢያው ይመጣል፤ አልጋዋ ላይ እንዳለች እጇን እናስታጥባታለን። ያው ማስታጠቢያ፣ ያው ውኃ እያለ «አፍሽንም ተቦረሺ» ያልናት ማን ነን? ብርድ ይገባታል ብለን ነው። ብርድ የምንፈራ ከሆነ ውኃውን ለብ ማድረግ ማንን ገደለ! ደግሞስ ሕፃን የታቀፈች ሴት በየት እጇ ትቦርሽ? ለጥየቃ ስንሄድ ቁጭ ብለን ቡና ከምንጠብቅ ሕፃኑን አምስት ደቂቃ እንያዝላት።

የታመመ ጥርስ ካለም እስከ ክርስትናው አይባልም። ለጥርስ የሚወጋው ማደንዘዣ ጡት ማጥባት አያስቋርጥም፤ የማጠባ ነኝ ብሎ ለሐኪሙ መንገር ነው። ከጎረቤት የተረፈ ካፕሱል ግን አይሆንም። ቴትራሳይክሊን በእርግዝና ወራት ሲወሰድ የሚወለደውን ልጅ ጥርስ ያጠቁራልና። ፊት ወይም ከአገጭ ሥር ካበጠ፣ ትኩሳት ከመጣ፣ መዋጥ ካቃተ ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ነው።

አባትየውን አልረሳነውም። እንቅልፍ አጥቶ፣ የአራሷን የተረፈ አጥሚት እየጨረሰ ጥርሱን ሳይነካ የሚተኛው እሱ ነው። ተሕዋሱም ከወላጅ አፍ ወደ ሕፃኑ አፍ በምራቅ ይተላለፋል። ማንኪያውን ቀምሶ ለልጅ ማጉረስ፣ አላምጦ መስጠት፣ የወደቀ ጡጦ በምላስ ማጽዳት እዚህ ላይ ይቁም። ዓመት ላልሞላው ሕፃን ማር ጨርሶ አይሰጥም፤ ይኸ ለጥርስ ሳይሆን ለሕይወቱ ነው። ጥርስ እስኪያወጣ ድዱን በንጹሕ እርጥብ ጨርቅ መጥረግ ይበቃል፤ የመጀመሪያዋ ጥርስ እንደወጣች በሩዝ ፍሬ ልክ ሳሙና መቦረሽ ይጀመራል። ተቅማጥና ትኩሳት ሲይዘው «ግግ ነው» ብሎ ለወጌሻ ማስወጣትን በተመለከተ ይህን ያህል እንበል፦ የሚወጣው ትል ሳይሆን ገና ያልበቀለው የልጁ ጥርስ ነው። ደምና ቁስሉ የቀጠፋቸው ሕፃናት አሉ።

አንድ ሐሳብ አለን። በዕድራችን ዕቃ ቤት ያሉት ማስታጠቢያዎች የሚወጡት ለሐዘን ብቻ ነው። ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴው ቢፈቅድ አራስ ያለበት ቤት አንዱን ከነማንቆርቆሪያው እስከ ክርስትናው ድረስ በፊርማ ይዋስ። ይጠፋል የሚል ካለ መዝገቡን እኛ እንይዛለን።