የዕፀዋት አመዳደብና የመሐንዲሱ ፕላን

(በማኅበራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)




ስለ ኮንክሪትና ስለ ብረት መናገር የለመደ መሐንዲስ ስለ ዕፀዋት ለመናገር ሲነሣ የሙያውን አጥር የዘለለ ይመስል ይሆናል። ነገር ግን ብዙዎቻችን የምንሠራበትን የንፋስ ስልክ ላፍቶን ስም ልብ ብለን እንመልከት። «ንፋስ ስልክ» ያለ ሽቦ በአየር የሚላከውን መልእክት የሚያስታውስ፣ ከእኛው ሙያ የተወለደ ስም ነው፤ «ላፍቶ» ግን በአፋን ኦሮሞ ግራር ማለት ነው። አካባቢውን መሐንዲስና ዛፍ በስም ተካፍለውታል።

ከዩኒቨርሲቲ በወጣሁ ሰሞን በላፍቶ አካባቢ ለሚሠራ አንድ ሕንፃ የቦታውን ቅየሳ እንዳዘጋጅ ታዘዝሁ። የመሬቱን ከፍታ እስከ ሴንቲሜትር ለክቼ አሰፈርሁ። ዛፎቹን ሁሉ ግን በአንድ ዓይነት ክብ ምልክት አስገብቼ በማብራሪያው ላይ «ዛፍ» ብዬ ጻፍሁ። ጥቂት ዛፎች እንዲቀሩ ተወስኖ ስለ ነበር፣ ጠራጊዎቹ በዳር የቆሙትን ባህር ዛፎች ትተው ከመካከል የነበረውን፣ እንደ ጃንጥላ የተዘረጋውን አሮጌ ግራር ቆረጡት። ፕላኑ ልዩነቱን አላሳያቸውምና ጥፋቱ የእነርሱ ሳይሆን የእኔ ነበር። አንድ የሰፈሩ ሽማግሌ ጉቶውን አይተው፣ «ልጄ፣ ይኸ እኮ ላፍቶው ነበር» አሉኝ።

ከዚያን ጊዜ ወዲህ የዕፀዋትን አመዳደብ እንደ ተማሪ ስከታተል ቆይቻለሁ። ትምህርቱ ለመሐንዲስ እንግዳ አይደለም፤ ዕፀዋት በመጀመሪያ የሚለዩት በውስጥ አሠራራቸው ነውና። በእርጥብ ድንጋይ ላይ እንደ ምንጣፍ የሚበቅሉት ሞሶች ውኃ የሚያመላልስ እውነተኛ ቧንቧ ስለሌላቸው ከመሬት ብዙ ከፍ አይሉም። ፈርኖች ቧንቧው አላቸው፤ የሚራቡት ግን በዘር ሳይሆን በደቃቅ ብናኝ ነው። ጥድና ዝግባ ዘር ያፈራሉ፤ ዘራቸው ግን በእውነተኛ ፍሬ ውስጥ አልተዘጋም። ከጤፍ እስከ ወይራ ያሉት አበባ አውጪዎች ዘራቸውን በፍሬ ይሸፍናሉ፤ በብዛትም ከሁሉ ይበልጣሉ። ዕፅ የሚመስል ሁሉ ደግሞ ዕፅ አይደለም፤ ከቅርንጫፍ ላይ የሚንጠለጠለው የዛፍ ሽበት የፈንገስና የአልጌ ጥምረት ነው።

አመዳደቡ ከስፍን ተነሥቶ ክፍለ ስፍን፣ መደብ፣ ክፍለ መደብ፣ አስተኔና ወገን እያለ እስከ ዝርያ ይወርዳል። ስዊድናዊው ሊቅ ካርል ሊኔየስ እ.ኤ.አ. በ1753 ባሳተመው መጽሐፍ እያንዳንዱ ዕፅ በወገኑና በዝርያው ስም፣ በሁለት ቃል እንዲጠራ አደረገ። ይህ ሥርዓት ዓይን የማያየውን ዝምድና ይገልጣል። ግራር የባቄላና የሽምብራ ዘመድ ነው፤ እንደ እነርሱም በሥሩ ከሚኖሩ ባክቴሪያዎች ጋር ተባብሮ የአየርን ናይትሮጅን ለአፈር ይጠቅማል። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከውጭ የገባው ባህር ዛፍ ደግሞ የዘይቱንና የአገር በቀሉ የዶቅማ አስተኔ ነው።

ስም ሲምታታ ሥራም ይምታታል። በዝርዝር ሰነዳችን «የጥድ ምሰሶ» ብለን ብንጽፍ አቅራቢው የትኛውን ያምጣ? የሐበሻ ጥድ ምስጥን በመቋቋም የታወቀ አገር በቀል ዛፍ ነው፤ የፈረንጅ ጥድ የምንለው ከሜክሲኮና ከመካከለኛው አሜሪካ የመጣ፣ ወገኑም ሌላ የሆነ ዛፍ ነው።

ሊቃውንቱም ሥራቸውን እንደ እኛ ፕላን ያርማሉ። እ.ኤ.አ. በ2005 በቪየና ተወስኖ በ2011 በሜልቦርን በጸናው ውሳኔ መሠረት «አካሺያ» የሚለው ስም ለአውስትራሊያዎቹ ዝርያዎች ሲቀር፣ የእኛ አካሺያ አቢሲኒካ ቫቼሊያ አቢሲኒካ ተብሏል። ግራሩ ግን ያው ግራር ነው።

የጎደለን መረጃ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1980 የተጀመረውና በ2009 የተፈጸመው የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፀዋት መጽሐፍ በ8 ቅጾች 6,000 ያህል ዝርያዎችን መዝግቧል፤ ከእነዚህም አሥር በመቶ ያህሉ በሌላ አገር የማይገኙ ናቸው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያለው ብሔራዊ ሄርባሪየምም የደረቁ ናሙናዎችን ሰብስቦ ይጠብቃል።

ስለዚህ የማቀርበው ሐሳብ አጭር ነው። በቅየሳ ፕላናችን ላይ ለእያንዳንዱ ትልቅ ዛፍ ቁጥር እንስጥ፤ በሠንጠረዥም የአካባቢውን ስም፣ ሳይንሳዊ ስሙን፣ የግንዱን ውፍረትና አገር በቀል መሆን አለመሆኑን እንጻፍ። ስሙን ካላወቅን የአካባቢውን ሽማግሌ እንጠይቅ፤ ቅጠልና አበባ ያለውን ቅርንጫፍም በጋዜጣ መካከል አድርቀን ለባለሙያ እናሳይ። ይህ ከአንድ ቀን ሥራ አያልፍም። እኔ ያን አንድ ቀን ስለቆጠብሁ፣ ስሙን ለሰፈር የሰጠ ዛፍ በፕላኔ ላይ ስም አጥቶ ተቆርጧል።