ልብ መቆም ምክንያት አይደለም



አዘጋጆቹ ስለ ሕክምና እንድናገር ነበር የጠየቁኝ። እኔ ግን ይዤ የመጣሁት ስለ ጦርነት መንስኤ ያነበብኩትን ነው። አትሳቁ፣ ወደ ዋርዱ እመለሳለሁ።

ኢንተርን ሳለን በሞት ማስረጃ ላይ «የልብና የትንፋሽ መቆም» ብለን ስንጽፍ ራውንድ ላይ ምን እንባል እንደነበር ታስታውሳላችሁ። «ልቡ ሳይቆም የሞተ ማን አለ? ለምን ቆመ?» ስለ ጦርነት ስናወራ ግን ሁላችንም ኢንተርን ነን። አንደኛው የዓለም ጦርነት በምን ተነሣ? በሳራዬቮው ጥይት። በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር የተዋጋነውስ? በባድመ። እነዚህ የልብ መቆም ናቸው።

ጥያቄውን ጠለቅ አድርጎ ከጠየቁት አንዱ እንግሊዛዊው ሉዊስ ፍራይ ሪቻርድሰን ነው፤ ሙያው የአየር ጠባይ ጥናት። ኩዌከር ስለነበር ጠመንጃ አላነሣም፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ፈረንሳይ ውስጥ አምቡላንስ ነዳ። በኋላ ጦርነቶችን መቁጠር ያዘ። መነሻው «ጥፋተኛው ማነው?» ሳይሆን «ስንት ሰው ሞተ?» የሚል ነው። መለኪያው የርዕደ መሬትን ይመስላል፦ አሥር ሺህ ሰው ያለቀበት 4፣ አንድ ሺህ ያለቀበት 3፣ አንድ ሰው የተገደለበት 0። የሰፈር ነፍስ ግድያና የዓለም ጦርነት በአንድ መስመር ላይ! ብዙ ጎረቤት ያለው አገር ብዙ ጊዜ እንደሚዋጋ አየ። ቋንቋ መጋራት ግን ከጦርነት አያድንም፤ ከመረብ ወዲህም ወዲያም ትግርኛ እንደሚነገር ለምናውቅ ለእኛ ይሄ አዲስ አይደለም። ሰውዬው በ1953 እ.ኤ.አ. ሞተ፤ ይህ ሥራው በመጽሐፍ የወጣው በ1960 ነው።

በ1963 እ.ኤ.አ. በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው ትልቁ ጥናት ደግሞ ወሰን አበጀ፦ ቢያንስ 1000 ተዋጊ በውጊያ ካልሞተ ጦርነት አይባልም። አልፈርድባቸውም፤ እኛም ያለ ኬዝ ዴፊኒሽን አንሠራም። ግን ተዋጊ ብቻ ሲቆጠር እኔ ያየሁት ሞት አይገባም።

በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ አንድ የ14 ዓመት ልጅ አመጡልኝ። መንገድ ተዘግቶ ኢንሱሊኑ ካለቀ ሰንብቷል። እናቱ ባዶውን ብልቃጥ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራዋለች፤ «ይሄን ነው የሚወስደው፣ ዶክተር» አለችኝ። እኛም ጋ አልነበረም። ሌሊቱን ሞተ።

«ዲያቤቲክ ኬቶአሲዶሲስ» ብዬ ጻፍኩ። ከሥሩ «መነሻ ምክንያት» የሚል መስመር አለ። እውነቱን አውቀዋለሁ፤ ማን ያነበው ይሆን ብዬ ፈራሁ። «የስኳር በሽታ» ብዬ ፈረምኩ።

ፋኩልቲ ውስጥ ያላችሁ፣ የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። የእነዚያ ዓመታት የዋርድ መዝገቦች ሳይጣሉ የማኅበረሰብ ጤናና የታሪክ ክፍሎች አብረው ይቀመጡባቸው። የእኔን ልጅ ስኳር ሥር ነው የምታገኙት።