ዱጎንግ፣ ዋልያና እኛ
(በልደታ በተደረገው የማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር። ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)



ባሕር በሌላት አገር ስለ ባሕር አጥቢ እንስሳት መናገር ለአንዳንዶቻችሁ እንግዳ ነገር ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ ዋልያን፣ ቀይ ቀበሮንና ጭላዳን ለሳይንስ ያስተዋወቀው ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል፣ በዚያው በ1830ዎቹ ጉዞው ከዳህላክ ደሴቶች ባሕር ያገኘውን ሌላ እንስሳ መርምሮ ጽፎአል። ሦስቱን ሁላችንም እናውቃቸዋለን፤ አራተኛውን ረስተነዋል። እርሱም ዱጎንግ ነው።

ሩፔል የሙሴ ድንኳን የተሸፈነው በዚህ እንስሳ ቁርበት ነው ብሎ ስላመነ፣ የላቲን ስሙን ከድንኳኑ ወሰደለት። በአማርኛው ኦሪት ዘጸአት አቆስጣ የተባለው መሆኑ ነው። የዕብራይስጡ ቃል የየትኛው እንስሳ ስም እንደሆነ ሊቃውንት ዛሬም አልተስማሙበትም። የሩፔልም ስያሜ አልጸናም፤ ዱጎንግ ከ1776 ጀምሮ በሌላ ስም ተመዝግቦ ነበርና።

ዱጎንግ ዓሣ አይደለም። («ዓሣ ነባሪ» የሚለው ቃላችን በዚህ ረገድ ብዙ ተማሪ አሳስቶአል።) በሳንባው ይተነፍሳል፣ ግልገሉን ያጠባል፣ የባሕር ሣር ይግጣል፤ በየብስ ያሉት የቅርብ ዘመዶቹም ዝሆንና ሽኮኮ ናቸው። እንስቷ ከአንድ ዓመት በላይ አርግዛ አንድ ብቻ ትወልዳለች፤ እስክትደግም ከ3 እስከ 7 ዓመት ይፈጃል። ስለዚህ ቁጥራቸው በመልካም ዘመን እንኳ በዓመት ከ5 በመቶ በላይ አያድግም። መረብ ይዟት ለመተንፈስ ብቅ ማለት ያቃታት አንዲት እናት ቶሎ አትተካም። ዘመዷ የስቴለር የባሕር ላም በ1741 ታወቀች፤ በ1768 ፈጽማ ጠፋች። ሃያ ሰባት ዓመት ብቻ!

«ታዲያ ይህ የባለ ወደቦቹ ጉዳይ አይደለምን?» ትሉኝ ይሆናል። ኤርትራ በ1993 ነጻ አገር ከሆነች ወዲህ ዳህላክን የመጠበቁ ሥልጣን የእኛ አይደለም፤ በዚህ ክርክር የለኝም። ነገር ግን ከ1998 ጀምሮ አብዛኛው ጭነታችን የሚገባው በጂቡቲ ነው። ወደብ ሲሰፋ የባሕሩ ወለል ይቆፈራል፤ ውኃው ደፍርሶ ብርሃን ሲያጣ የባሕር ሣር ይሞታል። ስንዴውና ማዳበሪያው የሚራገፈው ለእኛ ስለሆነ፣ ከጉዳዩ ውጭ ነን ማለት አንችልም።

በቢሾፍቱ፣ በባቦጋያ ሐይቅ አጠገብ የሠለጠኑ መርከበኞቻችን በብዙ ባሕር ላይ ይሠራሉ። ያዩትን ዓሣ ነባሪና ዶልፊን ከቀኑ፣ ከሰዓቱና ከሥፍራው ጋር ቢመዘግቡ ለተመራማሪ ትልቅ ሀብት ነው፤ ወጪውም ደብተርና እርሳስ ነው። ስለዚህ ማኅበራችን ከማሠልጠኛው ጋር ተነጋግሮ፣ የመለያ ሥዕሎች ያሉት አጭር የአማርኛ መመሪያ እንዲያዘጋጅ ሐሳብ አቀርባለሁ። ለዱጎንግ የሚስማማ የአማርኛ ስም መምረጡም ለዚሁ ኮሚቴ ይተው።