ሲድኒ ወይስ አዲስ አበባ?

እሷ፦ እዚህ ምዕራብ ሸዋ፣ እንጭኒ ቡና ቤት ገብቶ «ከሁሉ የሚበልጠው ፍጻሜ የቱ ነው?» ያለ ሰው ቶሎ አይወጣም። ብዙው ሰው ሲድኒን ያነሳል፤ መስከረም 1993 ዓ.ም.፣ የ10 ሺህ ሜትር ፍጻሜ።

እሱ፦ ኃይሌና ቴርጋት!

እሷ፦ አዎ። 250 ሜትር ገደማ ሲቀር ቴርጋት ተፈተለከ። ኃይሌ መጨረሻው መስመር ላይ ደርሶ ቀደመው። ልዩነታቸው 0.09 ሰከንድ! በዚያው ኦሎምፒክ የወንዶች 100 ሜትር አንደኛና ሁለተኛ እንኳ በ0.12 ተለያይተዋል።

እሱ፦ ይገርማል። ግን የኳሱ ደጋፊ አይቀበልሽም፤ ጥር 1954ን ይጠራል።

እሷ፦ የአፍሪካ ዋንጫውን?

እሱ፦ እሱን ነው እንጂ! አዲስ አበባ ላይ ግብፅ ሁለቴ መራች። ተክሌ ኪዳኔ በ74ኛው ደቂቃ አቻ ቢያደርግም፣ ደስታው ሳይበርድ ግብፆች ደገሙ። ሉቺያኖ ቫሳሎ ጥቂት ደቂቃ ሲቀር እንደገና አቻ አደረገ። በጭማሪው ሰዓት ወንድሙ ኢታሎ፣ ከዚያ መንግሥቱ ወርቁ... 4 ለ 2! ዋንጫው እዚሁ ቀረ።

እሷ፦ ያንን በዓይኑ ያየ ግን ስንት ሰው ቀረ?

እሱ፦ ያላየውም ከአባቱ ሰምቷል።

እሷ፦ የምዕራብ ሸዋ ሰው ደግሞ የሪዮ ኦሎምፒክ ማራቶንን አይረሳም፤ ነሐሴ 2008፣ የጀልዱ ልጅ ፈይሳ ሌሊሳ።

እሱ፦ ኪፕቾጌ እኮ በ70 ሰከንድ ቀድሞታል። ፉክክሩ ቀድሞ አልቋል።

እሷ፦ ልክ ነህ። ፈይሳ ግን መስመሩን ሲያልፍ እጆቹን ከራሱ በላይ አጣምሮ ተቃውሞውን ለዓለም አሳየ። እዚህ አካባቢ ያ ብር ከወርቅ ይበልጣል።

እሱ፦ በዚህስ አልከራከርሽም። ለልብ ትርታ ግን 1954ን አልለቅም!