ቱርቦ በናፍጣ ፒክአፕ ላይ የት ቢተከል ይሻላል?
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በሳይንስ ክበብ አባሎች የተደረገ ንግግር)



በዛሬው ቀን ስለ ትምህርት ቤታችን ታሪክ ብዙ መልካም ነገር ተነግሯል። እኛ ግን በደጃችን በየቀኑ ስለሚያልፈው መኪና ለመናገር መርጠናል። ከአዋሽ ሰባት ኪሎ ተነሥቶ በገዋኔ፣ በሚሌና በሎግያ አልፎ ሠመራ የሚደርሰው መንገድ የኑሯችን የደም ሥር ነው። ከመንገዱ ርቆ ለሚኖረው አርብቶ አደር እህልና ውሃ የሚደርሰው፣ ሕመምተኛም ወደ ዱብቲ ሆስፒታል የሚወሰደው ብዙ ጊዜ በናፍጣ ፒክአፕ ነው። እንዲህ ያለው መኪና በበረሃ መካከል ቢቆም የሚጠፋው ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ የሰው ሕይወትም ሊጠፋ ይችላል። ስለዚህ የቱርቦ ቦታ ጉዳይ የመካኒኮች ብቻ ሳይሆን የሁላችንም ጉዳይ ነው።

በመጀመሪያ ቱርቦ ምን እንደ ሆነ እንመልከት። ሞተር ናፍጣን የሚያቃጥለው በአየር ነው። ብዙ አየር ካገኘ ብዙ ናፍጣ አቃጥሎ ብዙ ጉልበት ይሰጣል። ቱርቦ ማለት በአንድ ዘንግ ላይ የተያያዙ ሁለት መዘውሮች ናቸው፤ አንዱን የሞተሩ ጭስ ያሽከረክረዋል፣ ሁለተኛው ደግሞ ንጹሕ አየር ጨምቆ ወደ ሲሊንደሮቹ ያስገባል። ዘንጉ በደቂቃ ከ100,000 ጊዜ በላይ ሊሽከረከር ይችላል። ይህን ዘዴ ያስመዘገበው የስዊስ መሐንዲስ አልፍሬድ ቡሺ ሲሆን፣ ዘመኑም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር 1905 ነበር።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ያህል ከፍ ትላለች፤ አዋሽ ወደ 1,000 ሜትር፣ ሠመራም ወደ 430 ሜትር ገደማ ናቸው። በስሌት ስናየው አንድ ሜትር ኩብ አየር በአዲስ አበባ በ18 ዲግሪ 0.91 ኪሎ ግራም ያህል ሲመዝን፣ በሠመራ በ42 ዲግሪ እንኳ 1.07 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል። እንግዲህ ቱርቦ የሌለው ሞተር በሠመራ ከአዲስ አበባ ይልቅ አየር ይጠግባል ማለት ነው። ቱርቦ በእጅጉ የሚያስፈልገው ጭነት ይዞ ወደ ደጋው ለሚወጣው ነው። በቆላው የሞተር ጠላቶች ሙቀትና አቧራ ናቸው። የቱርቦም ቦታ መመረጥ ያለበት እነዚህን ሁለቱን በማሰብ ነው።

ቱርቦ ሊተከል የሚችልባቸው ቦታዎች ሦስት ናቸው።

አንደኛው ከቴስታታው አጠገብ፣ በጭስ መሰብሰቢያው ማኒፎልድ ላይ ነው። በዚህ ቦታ ጭሱ ሙቀቱንና ግፊቱን ሳያጣ መዘውሩን ስለሚያገኘው ቱርቦው ፈጥኖ ይነሣል። ዘይቱም በራሱ ክብደት ወደ ሞተሩ ይመለሳል። ጉድለቱ በኮፈኖው ሥር ሙቀት ማብዛቱ ነው።

ሁለተኛው ከማኒፎልዱ ዝቅ ብሎ በሞተሩ ጎን ነው። ይህ የኮፈኖውን ቦታ ያተርፋል። ነገር ግን የዘይቱ መመለሻ ቁልቁለት ያጣል፤ በክረምት ጎርፍ ሲሻገሩም ቀዝቃዛ ውሃ በጋለው ብረት ላይ ቢረጭ ሊሰነጥቀው ይችላል።

ሦስተኛው ከጭነቱ ሥር፣ በማርሚታው ቦታ ነው። የኮፈኖው ሥር ይቀዘቅዛል፤ ሆኖም ጭሱ በረጅሙ ቧንቧ ሲጓዝ ጉልበቱን ይጥላል፣ ዘይቱንም ለመመለስ ሌላ ፖምፓ ያስፈልጋል። ጠጠርና አቧራም ያለ ማቋረጥ ይመቱታል። ፖምፓው በገዋኔና በሚሌ መካከል ቢቆም ቱርቦው ሊበላሽ ይችላል።

እንግዲህ ለእኛ አገር የሚሻለው የመጀመሪያው ቦታ ነው እንላለን። ግን በአራት ነገሮች መጠበቅ አለበት። የጋለው ክፍል በሙቀት መከላከያ ቆርቆሮ ይሸፈን፤ የናፍጣና የፍሬን ቧንቧዎች ከአጠገቡ ይራቁ፤ የዘይቱ መመለሻ ሰፊና ሳይጣመም ቁልቁል የሚወርድ ይሁን፤ የዘይቱ መግቢያ ቧንቧም በደንብ ይታሰር። ዘይት አምልጦ በጋለው ቱርቦ ላይ ቢፈስ እሳት ይነሣልና።

አየር ሲጨመቅ ይሞቃል። በሠመራ በ42 ዲግሪ የገባ አየር ግፊቱ 1.7 ጊዜ ሲሆን ወደ 115 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል። ይህን የሚያቀዘቅዘው ኢንተርኩለር ነው። ከሞተሩ በላይ ተቀምጦ በኮፈኖው ቀዳዳ ነፋስ ቢቀበል ቧንቧው ያጥራል፤ ነገር ግን መኪናው በአሸዋ ላይ ቀስ ሲል ከሥር በሚወጣው ሙቀት ራሱ ይግላል። ከፊት ሲሆን ቀዝቃዛ ነፋስ ያገኛል፤ ሆኖም ለራዲያተሩ የሞቀ አየር ስለሚያሳልፍ ራዲያተሩ ንጹሕና ጤናማ መሆን አለበት። ለቀርፋፋና ለከባድ ጉዞ እኛ ከፊት ያለውን እንመርጣለን። የአየሩ መግቢያ ደግሞ አቧራ ከሚነሣበት ከፍ ብሎ ይሁን፤ ፊልትሮውም ቶሎ ቶሎ ይጽዳ።

አንድ ጥንቃቄ ቀርቶናል። በብዙ ላንድክሩዘሮች ላይ የምናየው ባለ 4.2 ሊትሩ ዋን ኤች ዜድ ሞተር ያለ ቱርቦ የተሠራ ነው። በእርሱ ላይ ቱርቦ ጨምሮ የናፍጣውን ፖምፓ ያለ ልክ መክፈት ፒስቶን ያቀልጣል፣ የቴስታታውንም ጓርኒሲዮን ያቃጥላል። ግፊቱ አነስተኛ ይሁን፤ የጭሱን ሙቀት የሚያሳይ መለኪያም ይገጠም። ይህን ማድረግ የማይችል ሰው ሞተሩን እንደ ተሠራ ቢተወው ይሻለዋል።

ሾፌሮችም ከረጅም ጉዞ በኋላ ሞተሩን ወዲያው አያጥፉ። ከአንድ እስከ ሦስት ደቂቃ በዝግታ ቢያሠሩት ዘይቱ በጋለው ኩሽኔታ ላይ አይከስልም።

ውድ ጓደኞቻችን፤ ከእኛ መካከል ነገ በአዋሽ ወይም በሠመራ ጋራዥ የሚከፍቱ ይኖራሉ። ደንበኛው «ጉልበት ጨምሩልኝ» ሲላችሁ አስቀድማችሁ «ወዴት ትሄዳለህ? ምን ትጭናለህ?» ብላችሁ ጠይቁት። የቱርቦውን ቦታ የሚወስነው መልሱ ነው።